የሀኒ ፋይል

ጥቅምት 11 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ኮምፒውተሬን ቀየሩብኝ። ዕቃው ያው አሮጌው ነው፤ ውስጡን ነው የቀየሩት። አጵሎስ የሚባለው የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ባለሙያ፣ ከዱራሜ በኮንትራት የመጣው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፍላሹን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሰንብቶ ዛሬ እኔ ጋ፣ ሬከርድ ክፍል ደረሰ። "አሮጌው ሲስተም ከዚህ ወር ጀምሮ ጥበቃ የለውም እትዬ ትርፊት፤ አፕዴት ካላደረግነው ቫይረስ ይገባበታል" አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ውጤት ስይዝ ቫይረስ የገባብኝ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ያመጣው የርዕሰ መምህሩ የአቶ ዳኘ ፍላሽ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሁላችንንም ሰብስቦ አዲስ የመጣውን ነገር አስረዳን። ስክሪኑ ላይ ዋናው ቁልፍ ከግራ ጥግ ተነሥቶ መሃል ገብቷል። ለምን? መልስ የለም። ታች ጥግ ላይ የአየር ጠባይ ይናገራል፤ እዚህ ሆሳዕና ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ እሱ "ፀሐያማ" ይላል። በቀኝ ሲጫኑት ይወጣ የነበረው ዝርዝር ተቆርጦ ግማሹ "ተጨማሪ" የሚል ቃል ሥር ተደብቋል። ዋናውን ቁልፍ ሲነኩት ደግሞ በቅርቡ የከፈትኳቸውን ፋይሎች ስም ደርድሮ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ያሳያል። ገመና የሚባል ነገር አያውቅም። በመጨረሻ ስለ ማስቀመጥ የሆነ ነገር አወራ፤ "ከእንግዲህ ሴቭ ማለት አያስፈልግም፣ ራሱ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ በድሮ ፋይል ላይ እንዳትሠሩ፣ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ" ምናምን። እኔና የቤተ መጻሕፍቷ ሂሩት ያን ጊዜ ሌላ ወሬ ይዘን ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሰው መስኮቱ ላይ ተሰልፏል። ቁልፉ መሃል፣ እጄ ግራ ጥግ። ፕሪንተሩ አላውቅሽም አለኝ። አጵሎስ ሁለቴ መጣ፣ ሁለቴም ሳልጠራው። ሁለተኛውን ጊዜ "ለመሆኑ ኮፒ እያደረጉ ነው የሚሠሩት?" አለ። አዎ አልኩት፣ እንዲሄድልኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

እኔ የራሴ አሠራር አለኝ፤ ከየትም የመጣ ሰው አያስተምረኝም። ከ2005 ወዲህ የተማሩት በየስማቸው ፋይል አላቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት ውጤታቸው ያለው በወረቀት ሮስተር ላይ ብቻ ነው። እነሱ ትራንስክሪፕት ሲጠይቁኝ አዲስ ሠንጠረዥ ስሥል አልውልም፤ የሀኒ ተገኘን ፋይል እከፍታለሁ። ሀኒ በ2011 የጨረሰች ጎበዝ ልጅ ናት። ፋይሏ መስመሩ አይዛነፍም፣ በአንድ ገጽ ልክክ ብሎ ይወጣል። ቁጥሮቹን ሳላይ ጠራርጌ አጠፋቸውና የጠያቂውን ከሮስተር እያየሁ እሞላለሁ፤ አትማለሁ፤ ስዘጋው "ላስቀምጠው?" ይለኛል፤ "አይ" እላለሁ። የሀኒ ውጤት እንደነበረ ይቀራል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ።

ስም ኮምፒውተሩ ላይ አልጽፍም። ስም ከታተመ በኋላ በእጄ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የሚጻፈው። ማሽን የማንንም ስም ያወጣል፤ የኔን እጅ ጽሑፍ ግን ማንም አያስመስለውም። ስንቱን ፎርጅድ የያዝኩት በዚህ ነው።

አዲሱ ሲስተም ሲዘጉት "ላስቀምጠው?" ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብሎ ይዘጋል። እውነት ለመናገር ይሄ ተመችቶኛል። ከመጣው ነገር ሁሉ አንድ ደህና ነገር እሱ ነው።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አቶ ዳኘ በኮሪደሩ ለአጵሎስ ሲነግረው ሰማሁ፦ "ትርፊት ጡረታዋን እየጠበቀች ነው፣ ታገሣት።" ሁለቱም ሳቁ። አጵሎስ የሳቀ አይመስለኝም፤ ግን ዝም ማለትም መሳቅ ነው።

ጡረታ ልወጣ ስድስት ዓመት ይቀረኛል። ስድስት!

ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ አንድ መስኮት ከፍቶ "ምን ልርዳዎት?" አለኝ። ተወኝ ብዬ ጻፍኩለት። ስለ መተው አንድ ገጽ ሙሉ ምክር ሰጠኝ።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

ሾኔ አካባቢ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የስልሳ ሦስት ሠራተኞች ዝርዝር መጣ። ሁሉም እኛ ጋ ተምረናል ያሉ ናቸው፤ ያቀረቡት የትምህርት ማስረጃ እውነተኛ መሆኑ ይጣራልን ይላል። አገሩ ሁሉ ፎርጅድ አደን ላይ ነው። አቶ ዳኘ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ "ከሮስተር ጋር እያመሳከርሽ" አለኝ። የአዲሶቹ፣ ከ2005 ወዲህ የተማሩት፣ ሮስተር ያለው ከላቦራቶሪው ጀርባ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ አቧራው አስሜን ይቀሰቅሰዋል። ፋይላቸው ኮምፒውተሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጋዘን ምን ያደርግልኛል?

ህዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ብቻ አራት ትራንስክሪፕት። የመጨረሻው ሚክያስ የሚባል፣ በ1996 የጨረሰ፣ አሁን ሆዱ ቀበቶውን ያለፈ ጎልማሳ። ኬሚስትሪ 41። አርባ አንድ! ፊት ለፊቱ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ "እኔ የምይዘው መሪ ነው እቴ፣ ኬሚስትሪ የት ላገኘው ብለሽ" አለኝ። የወሩ አንድ ጥሩ ሰው።

የሾኔው ዝርዝር ገና አልተነካም።

ህዳር 10፣ ረቡዕ

ስልሳ ሦስቱን ጨረስኩ። ከጥዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልተነሣሁም፤ አቶ ዳኘ ማኅተሙን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስልሳው ደህና ናቸው። ሦስቱ "ከያዝነው መረጃ ጋር የማይመሳሰል" ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ሁለቱን ድሮም አውቃቸዋለሁ፣ ትምህርት ቤቱን በአጥር በኩል ነው የሚያውቁት። ሦስተኛዋ ሀኒ ተገኘ ሆነች። ያቀረበችው ወረቀት ላይ ኬሚስትሪ 93፤ ፋይሏ ላይ አርባ ምናምን። የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ግን ሰውየው በር ላይ ቆሟል፣ ዓይኔም ደክሟል።

ጎበዝ ናት ብዬ አልነበር? በዚህ ዘመን ማን ይታመናል።

ህዳር 15፣ ሰኞ

ሂሩት እየሮጠች መጣች። ሀኒ ከሥራ ታግዳለች። እስከ ህዳር 26 እውነተኛ ማስረጃ ካላመጣች ትባረራለች፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ይመራል ተብላለች። ሂሩት "እኔ አላምንም፣ ያቺ ልጅ የመጽሐፍ ቅጣት እንኳ ኖሮባት አያውቅም" እያለች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው። ሰው ባየው ይጠየቃል እንዴ? የጻፍኩት ያየሁትን ነው።

ህዳር 18፣ ሐሙስ

ሀኒ መጣች። ከመስኮቱ ወዲያ ሆና "እትዬ ትርፊት፣ አላወቁኝም?" አለች። አወቅኋት እንጂ። ከስታለች። ወረቀቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ነው የያዘችው።

"ይሄ ስም የእርስዎ እጅ ጽሑፍ አይደለም?" ብላ አስጠጋችልኝ። "እዚሁ ቆሜ ነው የጻፉልኝ። 'ስምሽ አጭር ነው፣ ቀለም አትጨርሺብኝም' ብለውኝ ስቀናል።"

አየሁት። "ሀ"ዋን እንዲህ አድርጎ የሚጽፋት ከኔ በቀር የለም። "በዚህ ዘመን የማይመሳሰል እጅ ጽሑፍ የለም" አልኳት።

"ሮስተሩን አይተውታል?"

"አይቻለሁ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "እናቴ ሞርሲቶ ናት፣ እስካሁን አልነገርኳትም" አለች። "ነገ ከነገ ወዲያ ትሰማለች። በየትኛው ፊቷ ጸሎት ቤት ትገባለች? እኔን አይደለም እኮ ሌባ የሚሉት፣ እሷን ነው።" ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች።

ለምን አይቻለሁ አልኩ? አፌ ነው የመለሰው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

ህዳር 19፣ ዓርብ

ፋይሏን ከፈትኩ። ኬሚስትሪ 41። አርባ ምናምን ሳይሆን አርባ አንድ። ከላይ እስከ ታች የሚክያስ ነው።

ቁልፍ ወስጄ መጋዘን ገባሁ። እያሳልኩ። የ2011 ሮስተር፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ግማሽ ጎኑ በስብሷል። ተገኘ፣ ሀኒ። ሒሳብ 96። ፊዚክስ 91። ኬሚስትሪ 93።

ሲስተሙ ነው። እኔ አላስቀመጥኩም። በሕይወቴ አስቀምጬ አላውቅም። ሲስተሙ ነው ያደረገው።

ህዳር 21፣ እሑድ

ህዳር ጽዮን። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ፤ ከቅጥሩ ወደ ውስጥ ግን እግሬ አልሄደም። ሰው ሁሉ "እንኳን አደረሰሽ" ይለኛል፣ እኔ ኬሚስትሪ 93 እላለሁ በሆዴ።

ነገሩ ቀላል ነው እኮ። አንድ ደብዳቤ ነው። "ቀደም ሲል የተገለጸው ስህተት ነው" ብሎ መጻፍ። ከዚያ አቶ ዳኘ "እንዴት ተሳሳትሽ?" ይላል። በሌላ ሰው ፋይል ላይ እሠራ ነበር እላለሁ። "ስንት ዓመት?" ይላል። "ሮስተሩንስ አላየሽም?" ይላል። ለልጅቷ አይቻለሁ ማለቴንም ትነግረዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎርጅድ ስይዝ የኖርኩት ሴት እውነተኛውን ሐሰት ነው ብዬ ፈረምኩ። ይሄን ማን ይረሳልኛል? ጡረታዋን እየጠበቀች ነው ያለው ሰው በሩን ይከፍትልኛል።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ያ አጵሎስ ይሄን ነገር ባያመጣብኝ ኖሮ። ማን ለምኖት ነው? ቁልፉ ግራ ጥግ እያለ ማን ሞተ?

ህዳር 22፣ ሰኞ

ጥዋት ስከፍተው "በቅርቡ የተከፈቱ" ብሎ ከላይ ያወጣው የሀኒን ስም ነው። አቶ ዳኘ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ስክሪኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ዓይኔን እያመመኝ ነው አልኩት።

ህዳር 23፣ ማክሰኞ

ጻፍኩ። የሀኒን ደብዳቤ አይደለም። ለአቶ ዳኘ ነው፤ "የአይሲቲ ባለሙያው አቶ አጵሎስ በቂ ሥልጠና ሳይሰጥ በጫነው ሲስተም ምክንያት በተማሪዎች መረጃ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰ አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ" የሚል። በጥሩ እጄ፣ በእስክሪብቶ። ሂሩትንም አስፈረምኳት። እያወራች ነበር፣ ሳታነበው ፈረመች።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለይ፣ ከዚያ የልጅቷ ይስተካከላል። ቅደም ተከተል አለው።

ህዳር 25፣ ሐሙስ

አጵሎስ ከምሳ በፊት መጣ፤ የክሱ ቅጂ በእጁ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና "የማን መረጃ ነው የተጎዳው?" አለ። ወረቀቱን ከስክሪኑ ላይ ላጠው። ስሟን አየ። እንግዲህ ምን እደብቃለሁ፤ ነገርኩት።

"እትዬ፣ ይሄ ሲስተም የጠፋውንም ይይዛል። ይመልከቱ" አለና ፋይሉን በቀኝ ተጭኖ፣ "ተጨማሪ" ከሚለው ሥር አንድ ነገር ከፈተ። ዝርዝር ወጣ። ቀን፣ ሰዓት፣ የቀየረው ሰው ስም። ትርፊት። ትርፊት። ትርፊት። ሃያ ሦስት መስመር። ከሁሉም ሥር፣ በሃያ አራተኛው፣ ከአፕዴቱ በፊት የነበረው የሀኒ ውጤት ሳይነካ ቁጭ ብሏል። "መልስ" የሚለውን ነካ። 96፣ 91፣ 93 ተመልሶ መጣ። እንዲህ በቀላሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ልጻፈው፤ ከዚያች ደቂቃ የበለጠ ጠልቼው አላውቅም።

"ኮፒ ያድርጉ ብዬ ነበር" አለ።

"እኔ አልሰማሁም።"

"ሁለቴ ነግሬያለሁ። ሁለተኛውን እዚሁ ክፍል ነው።" "ሥልጠና አልሰጠም ብለው ጽፈዋል። እሱን በኋላ እንነጋገራለን። አሁን የልጅቷን ደብዳቤ ይጻፉ፣ ነገ ቀኗ ያልቃል አሉ። እኔ እቀመጣለሁ።"

እየጠበቀኝ ጻፍኩ። ስጨርስ ላሳየው አልፈለግሁም፣ እሱም ላንብብ አላለም። ማኅተም ይደረግበት ብሎ ወደ አቶ ዳኘ ቢሮ ራሱ በሩን ከፈተልኝ።

ህዳር 26፣ ዓርብ

በጥዋት ሚኒባስ ሾኔ ወረድኩ፣ በእጄ ሰጠሁ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። ከሮስተሩም ፎቶ ኮፒ አያያዝኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንብቦ "አይ ኮምፒውተር! ልጅቷን ሊያስበላት ነበር እኮ" አለ። ሰኞ ሥራ ትገባለች አሉኝ።

ደብዳቤው የሚለው "በሲስተም አፕዴት ወቅት በባለሙያ በተፈጠረ ስህተት ምክንያት" ነው። ሌላ ምን ልል ነበር? አፕዴቱ ባይኖር ስህተቱ አይኖርም። ውሸት አይደለም።

ታህሳስ 1፣ ረቡዕ

ኮሚቴ ተቀመጠ። አቶ ዳኘ የኔን ክስና ለሾኔ የጻፍኩትን ደብዳቤ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ አነበበ። "በባለሙያ በተፈጠረ ስህተት" የሚለውን ሲያነብ አጵሎስ ቀና ብሎ አየኝ። ትናንት የተመታ ሰው ዛሬም ሲመታ እንደሚያየው።

ኮምፒውተሩ ይምጣና ላሳያችሁ አለ። አቶ ዳኘ "ኮምፒውተር ምስክር ሆኖ አያውቅም፤ ያየ ሰው ካለ አምጣ" አለው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እትዬ ትርፊት አይተዋል" አለ። "አብረን ነው ያየነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"የሆነ ነገር አሳይቶኛል" አልኩ። "እኔ ግን በቴክኒክ ነገር አልገባም።"

ኮንትራቱ እንዳይታደስ ተወሰነ። ሂሩት እኔም ፈርሜያለሁ እንዴ ብላ ስታለቅስ ነበር። ሞኝ።

ታህሳስ 7፣ ማክሰኞ

አጵሎስ ዕቃ አስረክቦ ሄደ። በየቢሮው እየዞረ ተሰናበተ። እኔን ይዘለኛል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር። አንኳኳ። "ደህና ይሁኑ እትዬ" አለ፣ እንደማንኛውም ቀን። ቢሰድበኝ ምን ነበር? ስድብ እመልሳለሁ።

ከሄደ በኋላ በሩን ቆልፌ የሀኒን ፋይል ከፈትኩና ሃያ ሦስቱን መስመር ላጠፋቸው ሞከርኩ። የሚጠፉበትን አላገኘሁም። ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ዱራሜ ገብቷል።

ታህሳስ 11፣ ቅዳሜ

ልብስ አጥቤ ሳሰጣ አንዲት ሴት በር ላይ ቆመች። አጭር፣ ጠንካራ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያሰረች። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች። "አንቺ ነሽ ትርፊት? የሀኒ እናት ነኝ፣ ገነቴ። ከሞርሲቶ ነው የመጣሁት፤ ቤትሽን ስጠይቅ ነው የዋልኩት" አለች፣ ሀዲይሳዋ በሚጫነው አማርኛ።

ቅቤና ቡላ ነው። አልቀበልም አልኩ፤ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ልጄ አራት ቀን ምግብ አልቀመሰችም" አለች። "እኔ የሰማሁት በጸሎት ቤት ነው፣ ከሰው አፍ። ሁለት እሑድ አልሄድኩም። ሌባ አሳደገች አሉ። አንቺ በእግርሽ ሾኔ ድረስ ሄደሽ ይሄን ስም ከቤቴ አወጣሽ። ማን እንዲህ ያደርጋል? ማንም አያደርግም።"

"ሥራዬ ነው" አልኳት።

"የአንቺን ልጅ እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።" ልጅ የለኝም አላልኳትም። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ያንን ሰውዬ ግን፣ ይሄን ያደረገውን፣ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው አሉ፤ ስሙን እንዳትነግሪኝ። ስሙን ካወቅሁት እጠላዋለሁ፣ መጥላት አልተፈቀደልኝም። ለጌታ ሰጥቼዋለሁ። አብረሽኝ ጸልዪ።"

እኔ የማርያም ነኝ፣ እንዲህ ቆሜ ጸልዬ አላውቅም ልላት ነበር። ሁለቱን እጆቼን ይዛለች፤ እጇ እንደ ቆዳ ደርቋል። ዓይኗን ጨፈነች።

"ጌታ ሆይ፣ የልጄን ስም ያጠፋውን ሰው አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ አላውቀውም። እውነቱን እያወቀ ዝም ብሎ ከሆነ፣ ልጄ የቀመሰችውን አቅምሰው። ሲያምነው የኖረ ሰው ሁሉ አይመነው። በሰው ፊት ቆሞ እውነቱን ሲናገር የሚሰማው አይገኝ።"

ዓይኗን ገለጠችና ጠበቀችኝ። "አሜን በይ እህቴ።"

"አሜን" አልኩ።

"አልተሰማም" አለች።

ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አልኩ።